አያቴ ሳጥን ውስጥ የተገኘ ወረቀት ወሎን «የተያዘ የጠላት ግዛት» ይላል፣ በ1933 ማን ነበር የሚያስተዳድረን?

ጦሳ ማዶ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ አሰላሙ አለይኩም ለሁላችሁም። ያለሁት ደሴ ነው፣ ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ። ባለፈው አክስቴ ቤት ስትለቅ የአያቴ የእንጨት ሳጥን ተከፈተና ከውስጡ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ወጣ፣ በእንግሊዝኛ በታይፕ የተመታ፣ ከታች ማህተም ያረፈበት። የይለፍ ወረቀት ነው፣ ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ በቅሎና ጭነት ይዘው እንዲያልፉ የሚፈቅድ። አያቴ ጥሊያን ከደሴ እንደወጣ እንግሊዞቹ ጋ ቱርጁማን ነበሩ፣ ጥሊያንኛውን መንገድ ሥራ ላይ ነው የለቀሙት፣ እንግሊዝኛውን ደሞ እዛው ከወታደሮቹ ጋር እየዋሉ። እንግሊዙ መኮንን የሚለውን ለሹሙ፣ ሹሙ የሚመልሰውን ለእንግሊዙ፣ ሥራቸው ይሄ ነበር። «ሁለት አለቃ ነበረኝ፣ አንዱ ድንኳን ውስጥ አንዱ ግቢ ውስጥ» ይሉ ነበር፣ እኔ ያኔ ልጅ ስለሆንኩ ልብ አልኩትም።

አሁን ልጄ ስታነብልኝ ግን ከላይ የታተመው አርዕስት «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር» ነው የሚለው። የጠላት ግዛት! እኛ ነን የጠላት ግዛት? ደሴ በኅዳር 1928 በቦምብ ስትነድ፣ ሆስፒታሉ ሳይቀር ሲመታ፣ ጃንሆይ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ሆነው ሲዋጉ፣ ከዛ አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ጫካ ሲያድር ቆይቶ አጋራችን ነኝ የሚል ጦር መጥቶ እንዲህ ብሎ ይጽፋል? ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ወላሂ። ጥያቄዬ እንግዲህ፣ አንደኛ ለምን እንዲህ ተባለ፣ ሁለተኛ በዛን ሰዓት ወሎን የሚገዛው የጃንሆይ ሹም ነው ወይስ እንግሊዙ፣ ደሞስ ይሄን ነገር ሁለቱ ቁጭ ብለው አስቀድመው ተነጋግረውበታል ወይስ ዝም ብሎ የሆነ ነው። የምታውቁ በአላህም በማርያምም ብዬአችኋለሁ።

የሐይቁ መምህር፦

ወንድሜ መጀመሪያ ያን ወረቀት ፕላስቲክ ውስጥ እንዳትከተው፣ ወረቀት ፕላስቲክ ውስጥ እርጥበት ይይዝና ይሻግታል፣ ንጹህ ነጭ ወረቀት መሀል አድርገህ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው። ሁለት ፎቶም አንሳው፣ ፊቱንም ጀርባውንም።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ አያትህ ሁለት አለቃ ነበረኝ ያሉት ቃል በቃል እውነት ነው፣ እኔ 20 ዓመት ታሪክ ሳስተምር ያን ጊዜ እንደዚህ አሳጥሮ የነገረኝ ሰው የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ ኢትዮጵያ ውስጥ የገባችው በሁለት መስመር ነበር፣ ሁለቱ መስመሮች ደሞ እርስ በርስ በደንብ አይነጋገሩም። አንደኛው መስመር ከሱዳን በኩል ነው፣ ሳንድፎርድ የሚባለው መኮንን፣ ከጦርነቱ በፊት እዚሁ ሀገራችን ገበሬ ሆኖ የኖረ ሰው፣ በነሐሴ 1932 ጎጃም ገብቶ ከአርበኞች ጋር ተገናኘ፣ ሚሽን 101 ይሉታል። ቀጥሎ ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ባንዲራ ሰቀሉ፣ ዊንጌት የሚባል የእንግሊዝ መኮንን የሚመራው ጦርም አብሮ ገባ። በዚህ መስመር ያሉት እንግሊዞች ሥራችን ንጉሡን ዙፋናቸው ላይ መመለስ ነው ብለው ነው የሚያስቡት፣ ሳንድፎርድም የጃንሆይ አማካሪ ሆነ።

ሁለተኛው መስመር ከኬንያ በኩል የመጣው የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር ነው፣ ደቡብ አፍሪካውያንም ሌሎችም ያሉበት፣ በሶማሊያና በሐረር አድርጎ መጋቢት 28 አዲስ አበባ ገባ። ይሄ ጦር በፍጥነት ስለሄደ ከኋላው የሚቀረውን ሀገር ማን ያስተዳድረው የሚለው ጥያቄ መጣ፣ ለዛ ተብሎ ነው ያ በወረቀትህ ላይ ያለው መስሪያ ቤት የተቋቋመው፣ በእንግሊዝኛው ምህጻር ኦኤታ ይሉታል። ኃላፊው ፊሊፕ ሚቸል ነው፣ ከዛ በፊት የኡጋንዳ ገዢ የነበረ፣ መቀመጫው ናይሮቢ። ኢትዮጵያ ውስጥ ምክትሉ ሞሪስ ላሽ ነው፣ እሱ ደሞ የሱዳን አስተዳደር ሰው። ልብ በል ወንድሜ፣ ሁለቱም ቅኝ ግዛት ሲያስተዳድሩ የኖሩ ናቸው፣ አውራጃ ሲያዩ የሚታያቸው የእንግሊዝ አስተዳዳሪ የተቀመጠበት አውራጃ ነው፣ የገዛ ንጉሥ ያለውና መንግሥቱን መልሱልኝ የሚል ሀገር አስተዳድረው አያውቁም። በነገራችን ላይ የሳንድፎርድ ሚስት የላሽ እህት ናት፣ ማለት አንዱ አማች ለጃንሆይ ይመክራል ሌላው አማች ጃንሆይ ይሄን ማድረግ አይችሉም ይላል።

ወሎ የገባችው በዚህ ሁለተኛ መስመር ነው። የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ቀን ተዋግቶ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ደሴ ገባ፣ አርበኞችም አብረው ነበሩ። ከዛ በወልዲያ በቆቦ አድርጎ ወደ አምባላጌ ሄደ፣ በሰሜን በኩል ደሞ ከከረን የመጣው የህንድ ክፍለ ጦር አለ፣ የጥሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን መሀል ላይ ተይዞ በግንቦት እጁን ሰጠ። እና ለጦሩ ወሎ ማለት መንገድ ነው። መንገዱ ክፍት ይሁን፣ ድልድይ ይጠበቅ፣ ገብስና ጭድ ይገኝ፣ ከኋላ ረብሻ እንዳይነሳ፣ ሲቪል አስተዳደር ሲሉ ያሰቡት መጀመሪያ ይሄን ነው። ያ በየቦታው ፖለቲካል ኦፊሰር እየተባለ የሚላከው መኮንንም ለዚህ ነው የሚቀመጠው፣ ጃንሆይ ደሞ በበኩላቸው የራሳቸውን ሹም ይሾማሉ፣ አያትህ እነዚህ ሁለቱ መሀል ነው የቆሙት።

የዩኒቨርሲቲ ልጅ፦

ሰላም ጋሼ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ነው የምማረው፣ «የጠላት ግዛት» የሚለውን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ስድብ ብቻ አይደለም፣ ከስድብ የባሰ ነው።

እንግሊዝ በኅዳር 1931፣ በፈረንጅ 1938 ማለት ነው፣ ጥሊያን ኢትዮጵያን መያዟን በይፋ አወቀችላት። ጃንሆይ እዛው እንግሊዝ አገር በስደት ቁጭ ብለው እያዩ። ስለዚህ በ1932 ሰኔ ላይ ጥሊያን ወደ ጦርነቱ ስትገባ በእንግሊዝ የሕግ ሰዎች አስተሳሰብ ኢትዮጵያ የጥሊያን ግዛት ናት፣ ጥሊያን ደሞ ጠላት ነች፣ ስለዚህ ደሴ የጠላት ግዛት ሆነች። በፈረንጅ በ1907ቱ የሄግ የጦርነት ሕግ ስምምነት ደሞ የጠላትን ግዛት የያዘ ጦር ጸጥታ ያስከብራል እንጂ የሀገሩ ባለቤት አይሆንም፣ ሰላም እስኪፈረም በሥራ ላይ ያለውንም ሕግ እስከቻለ ድረስ ማክበር አለበት። ይሄ ሕግ የተጻፈው ሕዝብን ከወራሪ ለመጠበቅ ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ግን ተገለበጠ፣ በሥራ ላይ ያለው ሕግ የማን ነው? የጥሊያን! ባለመብቱስ ማነው? ሮም ያለው መንግሥት! ማለት ከወራሪው የሚጠብቀን ሕግ ወራሪውን እንደ ባለቤት ቆጥሮ ተነሳ።

ጃንሆይ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገብተው ግንቦት 3 ቀን ሰባት ሚኒስትሮች ሲሾሙ ላሽ የተቃወመው በዚህ ነው፣ ከጥሊያን ጋር የሰላም ውል ሳይፈረም ንጉሡ ሙሉ ሥልጣን አላቸው ማለት አይቻልም ብሎ። በኋላ ለጊዜው ሚኒስትሮቹ እንደ አማካሪ ይቆጠሩ በሚል ተሸፋፈነ። አስቡት፣ ለገዛ ሀገርህ ሚኒስትር ለመሾም ያባረርከውን ሰው ፊርማ ጠብቅ።

የሚገርመው ግን ከዛ ሦስት ወር በፊት፣ ጥር 27 ቀን 1933፣ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኤደን ፓርላማ ላይ ቆሞ ነጻ ኢትዮጵያ ብትመለስ ደስ ይለናል፣ የንጉሡንም ዙፋን እንቀበላለን፣ መሬት አንፈልግም ብሎ ነበር። ግን እዛው ንግግር ውስጥ ለጊዜው ወታደራዊ መሪነትና ቁጥጥር ያስፈልጋል፣ ከንጉሡ ጋር እየተመካከርን እናደርገዋለን የሚል አለ። ጃንሆይ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ያዙ ኦኤታ ሁለተኛውን ያዘ፣ ከዛ በኋላ ያለው ክርክር ሁሉ ከዚች ንግግር ነው የወጣው።

የወረኢሉዋ፦

እኔ ይሄን ሳነብ ደሜ ነው የሚፈላው። መምህር ያሉትን አከብራለሁ ግን እንግሊዝ በሁለት መስመር ገባች፣ ይሄ ጄኔራል እዚህ፣ ያኛው እዚያ፣ እሺ አርበኛውስ? ሀገሩን ያኔ ማን ነበር የያዘው? ከተማና አስፋልቱን ነው እኮ ጥሊያን የያዘው፣ ከአስፋልቱ ወጣ ስትሉ አርበኛ ነው። ዋግና ላስታ ላይ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የተሰዉት እኮ የእንግሊዝ ጦር ከመምጣቱ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የአያቴ ወንድም አምስቱን ዓመት በረሃ ኖሮ ሲመለስ ፈረንጅ መኮንን ጠብመንጃህን አስረክብ አለው፣ ይሄን እናቴ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ያቺን ጠብመንጃ ከጥሊያን ነው የማረካት፣ ማን ሰጥቶት ነው ለማን የሚያስረክበው?

እና ሲቪል አስተዳደር ሲታቀድ አርበኛው እቅድ ውስጥ አለ ወይ ነው የኔ ጥያቄ። ካርታ ላይ ሁለት ጦር ተስማማ ማለት ሕዝቡ ተጠየቀ ማለት አይደለም።

የሐይቁ መምህር፦

እህቴ ትክክል ነሽ፣ አርበኛውን ማስቀደም ነበረብኝ፣ ይቅርታ። እቅዱ ውስጥ ነበረ ወይ ላልሽው፣ በመጀመሪያው መስመር በኩል ነበረ። ኦፕሬሽናል ሴንተር የሚባሉ ትናንሽ ቡድኖች ነበሩ፣ አንድ የእንግሊዝ መኮንን፣ ጥቂት ሳጅኖችና ብዙ ኢትዮጵያውያን ያሉበት፣ ሥራቸው አርበኛውን ከጦሩ ጋር ማገናኘት ነው። «ባንዲራችን» የሚል የአማርኛ ጋዜጣም ነበር፣ ከጃንሆይ አዋጅ ጋር ይበተን ነበር፣ አዋጁ ላይ የይሁዳ አንበሳ ማህተም አለበት፣ ያን ማህተም አይቶ ከጥሊያን ጦር የከዳው ሀበሻ ወታደር ብዙ ነው። እነዚህ ሁሉ የኢትዮጵያን መንግሥት ስም ይዘው ነው ሕዝብ ያስነሱት። ከኬንያ የመጣው አስተዳደር ግን አርበኛን የሚያየው እንደ ጸጥታ ጉዳይ ነው፣ መሣሪያ የያዘ ሰው መንገድ ዳር። በ1933 ክረምት በአንድ አውራጃ ውስጥ አንዱ እንግሊዝ ተነሱ ሲል የከረመውን ሕዝብ ሌላው እንግሊዝ መሣሪያህን ፍታ ይለዋል፣ የእናትሽ እንባ ከዚህ ነው የመጣው።

ከኮምቦልቻ ሊል፦

ሰላም ለወገኖቼ፣ ኮምቦልቻ ተወልጄ አሁን ሰሜን ፈረንሳይ ሊል ነው የምኖረው። ይሄን ውይይት ሳይ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም ምክንያቱም ፈረንሳዮች ይሄንኑ ታሪክ የራሳቸው ብቻ አድርገው ነው የሚያወሩት፣ እኛ ግን ከነሱ ሦስት ዓመት ቀድመን አይተነዋል።

እዚህ አገር በፈረንጅ 1944 አሜሪካና እንግሊዝ ኖርማንዲ ሊገቡ ሲሉ ነጻ የሚወጣውን ፈረንሳይ በወታደራዊ አስተዳደር ልንይዘው እንችላለን ብለው ተዘጋጅተው ነበር። የተማሩ ሲቪል ጉዳይ መኮንኖች፣ መጽሐፍ፣ መመሪያ፣ ገንዘብ ሳይቀር አሜሪካ አገር አሳትመው፣ የፈረንሳይ ባንዲራ ያለበት ፍራንክ። ስደት ላይ የነበረው የነጻ ፈረንሳይ መሪ ደጎል አበደ፣ የሐሰት ገንዘብ ነው አለ። ወታደሮቹ በገቡ በስምንተኛው ቀን፣ ጁን 14፣ ባዩ የምትባል ትንሽ ከተማ ድረስ መጥቶ ንግግር አደረገና ኩሌ የሚባለውን ሰውዬ የመንግሥት ኮሚሽነር አድርጎ እዛው ጥሎት ሄደ። አጋሮቹ ሲያዩት አስተዳዳሪው ቦታው ላይ ነው፣ ሕዝቡም ይቀበለዋል፣ ምን ያድርጉ፣ ዝም አሉ። ደሞ አስቀድሞ የራሱን አገናኝ መኮንኖች አዘጋጅቶ ነበር፣ ወንድም ሴትም፣ ከአጋሮቹ ጦር ጋር እየሄዱ በየከንቲባው ቤት ገብተው ሥራውን በፈረንሳይ መንግሥት ስም የሚይዙ። ወረቀት የተፈረመው ከዛ በኋላ ነው፣ ኦገስት 25። ኖርዌይ፣ ሆላንድና ቤልጂየም ግን ስደት ላይ ያለ መንግሥታቸው በአጋሮቹ የታወቀ ስለሆነ ወረራው ሳይጀመር ሜይ 16 ላይ ተፈራርመው ጨርሰው ነበር፣ ውጊያው እስኪያልፍ ጦሩ ያዛል ከዛ ለባለቤቱ ያስረክባል፣ አለቀ።

አሁን የኛን ተመልከቱ። ጃንሆይ ግንቦት 3 ሚኒስትር ሲሾሙ ያደረጉት ደጎል ባዩ ላይ ያደረገው ነው፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ማንሳት ከባድ ነው። ልዩነቱ ግን ደጎል አገናኝ መኮንኖች አሰልጥኖ ነበረው፣ ጃንሆይ ጋ ያን የሚሠራ የተማረ ሰው ጥሊያን በየካቲት 12ና ከዛ በኋላ ጨርሶታል። ደሴ ላይ ያንን ሥራ የሠራው የጦሳ ማዶ አያት ናቸው፣ ማንም ሳያሰለጥናቸው። ይሄን ስጽፍ ሆዴ ይባባል።

ሌላም ልንገራችሁ፣ ከኛ አስተዳደር የወጡት ሰዎች ናቸው አውሮፓ የሄዱት። የኦኤታ የገንዘብ ኃላፊ የነበረው ሎርድ ሬኔል በፈረንጅ 1943 ሲሲሊ ላይ የአጋሮቹ ወታደራዊ መንግሥት ዋና ሲቪል ሹም ሆነ፣ ላሽም በኋላ ጥሊያን አገር ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል። እኛ ላይ የተማሩትን ይዘው ነው ጥሊያንን ሊያስተዳድሩ የሄዱት ማለት ነው።

ሰኞ ገበያ፦

የገንዘቡን ነገር ማንም አላነሳውም። አባቴም የአባቴም አባት ነጋዴ ናቸው፣ ቤታችን የሚወራው ይሄ ነው። ያኔ በአንድ ጊዜ የጥሊያን ሊሬ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግና ጠገራ ብር ይሠራ ነበር። ኦኤታ ሊሬውን 480 በአንድ ፓውንድ ብሎ ቆረጠው፣ በ24 ሊሬ አንድ ሽልንግ ማለት ነው። ገጠሩ ሰው ግን ጠገራ ካልሆነ አይሸጥልህም፣ ወረቀት ምን ይሠራለታል፣ ባለፈው የያዘው ሊሬ ዋጋ ሲያጣ አይቷል። ማስተዳደር ማለት በመጨረሻ ደሞዝ መክፈል ነው፣ ጃንሆይ ደሞ ሹም መሾም ይችላሉ እንጂ ደሞዙን የሚከፍሉበት ገንዘብ ከእንግሊዝ ነው የሚመጣው። ጃንሆይና እንግሊዝ የተፈራረሙት የ1934ቱ ስምምነት ላይ ከሁሉ በላይ ክብደት ያለው ለኔ እሱ ነው፣ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ፣ በሁለተኛው አንድ ሚሊዮን። የራሳችን ብር የወጣው በ1937 ሐምሌ ነው፣ እስከዛ በሰው ኪስ ነው የኖርነው።

የዩኒቨርሲቲ ልጅ፦

አዎ ስምምነቱ ጥር 23 ቀን 1934 ነው የተፈረመው፣ በእንግሊዝ በኩል የፈረመው ራሱ ሚቸል ነው፣ እዛ ለመድረስም ወራት ፈጅቷል። ኢትዮጵያ ነጻ መንግሥት ናት አለ፣ ግን የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች ዲፕሎማቶች ሁሉ ይቀድማል፣ አማካሪም ዳኛም ከእነሱ፣ ኦጋዴንና ሐውድ፣ የባቡሩ መስመርም ጭምር በእነሱ እጅ ይቆያል። ባቡሩ የተመለሰው በታኅሣሥ 1937ቱ ስምምነት ነው፣ ኦጋዴን በ1941 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሐውድ ደሞ እስከ 1947 ቆየ። እና ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ወረቀቱ ላይ ቀን አለ? ከጥር 1934 በኋላ ከሆነ ያ አርዕስት ደሴ ላይ ሊሠራበት አይገባም ነበር። ፎቶውን ሲያነሱ ጀርባውንም ያሳዩን።

ጦሳ ማዶ፦

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ሁላችሁንም። እህቴ የወረኢሉዋ፣ የእናትሽ ነገር ልቤን ነው የነካው። ወረቀቱን አሁን አውጥቼ አየሁት፣ ቀኑ በፈረንጅ ኖቬምበር 1941 ነው የሚለው፣ ስለዚህ ከስምምነቱ ሁለት ወር በፊት ነው ማለት ነው፣ ጎንደር ላይ ውጊያው ገና ሳያልቅ።

ጀርባውን ግን ልጁ ባይጠይቀኝ አላየውም ነበር። በእርሳስ የአያቴ ጽሕፈት ነው፣ ጠፍቷል ግን በብርሃን ሲያዩት ይነበባል። ሂሳብ ነው። ለእንግሊዞቹ በቅሎዎች የተገዛ ገብስና ጭድ፣ የአምስት ገበሬ ስም፣ ከስማቸው ጎን በጠገራ የተጻፈ ዋጋ። ሽልንግ የሚል አንድም ቦታ የለም፣ ሰኞ ገበያ እንዳልከው ነው። ሦስቱ ስም ላይ መስመር ተሰምሮበታል፣ ሁለቱ ላይ «አልመጣም» ተብሎ ተጽፏል። ምንድነው ያልመጣው ብዬ ወዲያው አክስቴ ጋ ደወልኩ፣ አክስቴ 84 ዓመቷ ነው፣ እንኳን ይሄን ትናንት የበላችውን ትረሳለች፣ ይሄን ግን አልረሳችውም። ገበሬዎቹ እህሉን የሰጡት አባባን አምነው ነው፣ እንግሊዙን አያውቁትም ሹሙንም ገና መምጣቱ ነው፣ ከዛ ጦሩ ተነስቶ ሲሄድ ድንኳኑ የከፈለውን ከፍሎ የቀረውን ግቢ ይክፈል አለ፣ ግቢው ደሞ እኛ ያላዘዝነውን አንከፍልም አለ አለችኝ። ከዛስ አልኳት። አባባ ጊደሯን ኩታበር ገበያ ወስደው ሸጡና ለሁለቱ ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄደው ሰጡ፣ እናቴ እስክትሞት ያቺን ጊደር ታነሳ ነበር አለችኝ።

የሁለቱን ገበሬዎች ስም አንብቤላት ልጆቻቸው አሁንም እዛው ሰፈር ናቸው አለች። ቅዳሜ እሄዳለሁ።